ሁለት አሮጌ መኪኖች

ዲኤክሷ ከእኔ ጋር ሃያ አንድ ዓመት ቆየች። ባለፈው ክረምት መካኒኬ ኮፈኗን ከፍቶ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። የመካኒክ ዝምታ እንደ ሐኪም ዝምታ ነው፤ ደግ ነገር አይከተለውም። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ፣ «ጋሼ፣ እቺን ልጅ ጡረታ ቢያወጧት ምን አለበት?» አለኝ። «ልጅ» ያላት በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ኮሮላ ናት። ላሜራዋ ስንቴ እንደተለጠፈ ረስቼዋለሁ። የኋላ በሯ ከውስጥ አይከፈትም። እንግዳ ጭኜ ስደርስ እኔው ወርጄ እከፍታለሁ፤ ይህንንም ብዙ ሰው ጨዋነት ይመስለው ነበር።

ሸጥኳት። ከዚያ በኋላ ነው ጣጣው የመጣው።

ልጄ «አባዬ፣ ኤሌክትሪክ ግዛ» ይላል። እውነቱን ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በየመንገዱ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉን እነሱ ናቸው። እኛ ግን የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኪናዬን ቻርጅ ለማድረግ ገመዱን በመስኮት ለቅቄ፣ በሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን የተሰጣ ልብስ መሐል አሳልፌ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ እንዳይነካው መጸለይ ሊኖርብኝ ነው። ተውኩት። ወደ አሮጌዎቹ ተመለስኩ።

ለደላላው «ደርበብ ያለ የቤት መኪና፣ ኤክስኪዩቲቭ የሚሉት ዓይነት» ብዬ ስነግረው ወዲያው ኮሮላ ይዞ መጣ። ለካ በእኛ አገር ገበያ «ኤክስኪዩቲቭ» ማለት የአንድ ኮሮላ ስም ሆኗል! ሥራ አስኪያጁም፣ ምክትሉም፣ የምክትሉ ሾፌርም የሚነዱት እሱኑ ነው። ከኮሮላ ወጥቼ ኮሮላ መግባት አልፈልግም ብዬ መለስኩት። በሳምንቱ ሁለት መኪና አሳየኝ፤ አንደኛዋ የ1992 (እ.ኤ.አ.) ማርቸዲስ 200፣ ሁለተኛዋ ከእሷ ሁለት ዓመት የምትበልጥ ቢ ኤም 318። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። እኔ ግን በመሐላቸው ስድስት ሳምንት ተንገላታሁ።

ስለ ቢ ኤሟ ልናገር መጀመሪያ። አሥራ አምስት ዓመቴ ገደማ፣ ማለትም በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ካዛንቺስ ዳቦ ቤት ተሰልፈን ስንጠብቅ አንድ የኤምባሲ ሰው በእንዲህ ያለች መኪና ይመላለስ ነበር። ፊቷ ላይ አራት ክብ መብራት፣ መሐሉ ላይ እንደ አፍንጫ ቀዳዳ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ፍርግርጎች። ሰልፉን ትቼ አያት ነበር። አንድ ቀን ተራዬ አልፎ ባዶ እጄን ቤት ገባሁና እናቴ የቆጣችኝ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ሻጩ ካናዳ ሊሄድ ሰነዱን የጨረሰ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይሞክሯት» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ወደ እንጦጦ በሚወጣው ጠመዝማዛ ይዣት ወጣሁ። ማርሿ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ መሪውን ጥቂት ሲነኩት አፍንጫዋ ቀድሞ ይዞራል። መካኒኬ በኋላ እንዳስረዳኝ ምሥጢሩ ጉልበት አይደለም። የሁለቱም ሞተር ከ110 እስከ 120 የፈረስ ጉልበት ግድም ነው። ያም ቢሆን ባሕር ዳርቻ ላይ ተለክቶ ነው፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ስስ አየራችን አንድ አምስተኛው የሚሆነው ከኬላው ውጭ ይቀራል። ልዩነቱ ክብደቱ ላይ ነው። ማርቸዲሷ በ200 ኪሎ ያህል ትበልጣለች። እንግዲህ ሁለት ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ዳገት የሚሮጥ ሰው ከባዶ እጁ ጋር እኩል ይድረስ ማለት አይቻልም። ሁለተኛው መሪው ነው። የቢ ኤሟ መሪ በጥርሳም ዘንግ ከጎማው ጋር በቀጥታ ይነጋገራል። የማርቸዲሷ ግን በመሐሉ በትንንሽ የብረት ኳሶች ውስጥ ያልፋል፤ የመንገዱ ወሬ እጅ ላይ የሚደርሰው ተጣርቶ፣ ለዝቦ ነው።

ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው መሪ ይዞም ማስተማሩን አይተውም። ማርቸዲሷን የሞከርኩ ዕለት ሐዲስ ዓለማየሁ ትዝ አሉኝ፤ ያ ረጅም ዓረፍተ ነገራቸው፣ ሳይቸኩል ሰውን ሁሉ አሳፍሮ፣ በየመንገዱ እየጨመረ፣ መጨረሻው ላይ ሳያንገጫግጭ የሚያደርሰው። ቢ ኤሟ በዓሉ ግርማ ናት። አጭር፣ ፈጣን፣ ቆረጥ። (ይህን ለባለቤቴ ብነግራት «መኪና ነው የምትገዛው ወይስ ፈተና ነው የምታወጣው?» አለች።) ምሳሌዬ ግን በዚያው ሌላ ነገር አስታወሰኝ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. በዓሉ እንደወጣ ሲቀር ከደብረ ዘይት መንገድ ዳር ቆማ የተገኘችው መኪናው ቮልስዋገን ነበረች። ስንት የሚያማምሩ መኪኖች የነበሯቸው ንጉሠ ነገሥትም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። እኔ እዚህ ስለ ማርሽና ስለ መሪ እጨነቃለሁ፤ የአገሬ ሰው የማይረሳቸው ሁለቱ መኪኖች የድሃ መኪኖች ናቸው።

ወደ ጉዳያችን። ማርቸዲሷ አስቂኝ ነገሮች አሏት። የእጅ ፍሬኗ በእግር ነው የሚረገጠው። የዝናብ መጥረጊያዋ አንድ ብቻ ነው፤ ግን እንደ ሸማኔ እጅ እየተዘረጋ እየተሰበሰበ የመስታወቱ ጥግ ድረስ ይደርሳል። ወንበሯ ሰው ሲቀመጥበት ትንሽ ይተነፍሳል። ከእኛ ሰፈር የሚያስወጣውን የኮብልስቶን መንገድ ዲኤክሷ ጥርስ እያፋጨች ነበር የምታልፈው፤ ማርቸዲሷ አለሰለሰችው። ቢ ኤሟ ደግሞ እያንዳንዱን ድንጋይ በስሙ አስተዋወቀችኝ።

መካኒኬን አማከርኩት። «የቢ ኤሟ ሞተር በቺንጋ ነው የሚሠራው፣ ማርቸዲሷ በካቴና» አለኝ። «ቺንጋ ሳይነግርዎ ይበጠሳል ጋሼ፤ ሲበጠስ ደግሞ ብቻውን አይሄድም። ካቴና ሲያረጅ ይንጫጫል፣ ያስጠነቅቃል።» ባለቤቴ ደግሞ ስለ ቺንጋም ስለ ካቴናም ደንታ የላትም። «ለማን ልታሳይ ነው?» ብቻ አለችኝ።

ለማንም አላልኩም። ውሸቴን ነው። ማርቸዲሷን በሞከርኩ ዕለት፣ ሳላስበው ይሁን አስቤ እንጃ፣ ቀድሞ ወዳስተማርኩበት ግቢ አመራሁ። በዲኤክሷ ስመጣ ወርጄ መታወቂያ የማሳየው ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት የማስተምርበት በር ላይ፣ ስሜን በስህተት እየጻፈ የሚያስገባኝ ሰውዬ፣ የዚያን ቀን በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ሰላምታ ሰጠኝ። ፊቴን አላየውም፤ ኮፈኑ ላይ የቆመውን ኮከብ ነው ያየው። አፈርኩ። ግን ደስ እንዳለኝም አልደብቅም።

ውሳኔውን የወሰነችልኝ እናቴ ናት፤ ሳታውቅ። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፣ ደብረ ብርሃን ትኖራለች። ዓይኗ ግላኮማ ስላለበት በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ አምጥቼ አሳያታለሁ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለወገቧ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ቢ ኤሟ ውስጥ ስገባ እኔ ራሴ በሩን ይዤ ቁልቁል ተወረወርኩ፣ ስወጣ «እግዚኦ» ብዬ ተነሣሁ። እሷን እዚያ ውስጥ አስቀምጬ መልሼ ሳወጣት ታየኝ። ለካናዳው ልጅ ደውዬ «አልሆነልኝም» ስለው፣ «ምነው ጋሼ፣ ዋጋው ነው? እቀንስልዎታለሁ» አለ። አይ፣ እናቴ ናት አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኔም የማዘርን ጉዳይ ነው የማስበው፤ ብቻዋን ትቻት ልሄድ ነው» አለኝ። ሌላ የምለው ጠፋኝ፤ በሰላም ግባ አልኩት።

ማርቸዲሷን ገዛሁ፤ ሊብሬው በስሜ ዞረ። ባለፈው ኅዳር እናቴን ላመጣ ሄድኩ። ጎረቤቶቿ ወጥተው አዩልኝ፤ እሷም ወንበሩን በእጇ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ «ይሄማ አልጋ ነው» አለች። መርቃ ገባች።

አሁን ስለ ዲኤክሷ ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ዲኤክሷ ትንጫጫ ስለነበር እናቴ መንገዱን ሙሉ አትተኛም ነበር። ድምፁን ለመብለጥ እየጮኸች ታወራኛለች። አባቴ እንዴት ለሽማግሌ እንደላከ፣ በድርቁ ዘመን ማን ምን እንዳበደረ፣ ከእኔ በፊት ስለሞተው ወንድሜ፤ ቤት ውስጥ ጠይቄያት የማትነግረኝን ሁሉ። ሸኖ ስንደርስ ወርዳ ቅቤ ታሸታለች፣ ትከራከራለች፣ ሳትገዛ ትመለሳለች፣ እንደገና ትወርዳለች። ከሰንዳፋ ወዲህ ደግሞ የእኔ ተራ ነው፤ ስለ ደመወዜ ትመረምረኛለች።

በማርቸዲሷ ጫጫ ሳንደርስ ተኛች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን። ሞተሩ አይሰማም፤ የመንገዱ ድምፅ እንኳ ከሩቅ ነው። ሸኖ ስንገባ ቀስ አልኩ። ቅቤ ሻጮቹ በቅጠል የሸፈኑትን ይዘው ወደ መስኮቱ መጡ። ትነቃ እንደሆን ብዬ በእሷ በኩል ያለውን መስታወት በጥቂቱ ዝቅ አደረግኩት፤ የሸኖ ብርድ ገባ።

ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ዝጋው፣ ልጄ» አለችኝ። ዘጋሁት።