ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ

ባሕር ማዶ የሚኖር ሰው አገር ቤት ከቀረው አብሮ አደጉ ጋር በስልክ ሲገናኝ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ወሬ የለባቸውም። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፤ አንተስ?» «እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆች ደህና?» «ደህና ናቸው። እማማስ?» «ደህና ናቸው፤ ሰላም በልልኝ ይላሉ።» ጤናው ቤተሰቡን አዳርሶ፣ ጎረቤት ዘልቆ፣ ወደ ላሚቱ ሊሻገር ጥቂት ሲቀረው አንደኛው «ታዲያ ሌላስ?» ይላል። ወሬ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ መስመሩ የሚቋረጠውም እዚሁ ላይ ነው። ይህን ሥርዓት ስልክ አላመጣውም። ስልክ ከደብዳቤ ወረሰው፤ ደብዳቤ ደግሞ ከቤተ መንግሥት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ወደ ውጭ በላኳቸው ደብዳቤዎች ከአምላክ ስምና ከማዕረግ ቀጥሎ የሚመጣው ጤና ነው። ላኪው «ይድረስ ከ» ብሎ ተቀባዩን ይጠራል (ያኔ «ከ» ዛሬ «ለ» የሚሠራውን ሥራ ይሠራ ነበር)፤ እንዴት እንደሰነበተ ይጠይቃል፤ እሱም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና መሆኑን ይናገራል። ሠራዊታቸውም ደህና መሆኑን የሚያክሉ ነበሩ። ዛሬ የሠራዊቱን ቦታ ልጆች ይዘውታል። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ ነገሩ እየከረረ ሄዶ በ1860 መቅደላ ላይ አለቀ። መልእክቱ ታይቶ ዝም የተባለበት፣ በስልኩ ላይ ሁለቱን ሰማያዊ ምልክቶች እያየ የሚብሰለሰል ሰው ታላቅ ቀዳሚ አለው ማለት ነው።

አጻጻፉ ከንጉሥ ወደ መኳንንት፣ ከመኳንንት ወደ ጸሐፊ፣ ከጸሐፊ ወደ ወታደርና ወደ ተማሪ ወረደ። ሲደላደል መልኩ ይህ ሆነ፦ «ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» በዚህ ውስጥ አዲሱ ነገር «ከናፍቆትህ በስተቀር» ነው። ነገሥታቱ እንዲህ አይሉም ነበር፤ ቢናፍቁ የሚናፍቁት መድፍና መድፍ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሐረጓ ግን ምቹ ሆና ተገኘች። ዕዳ፣ ሕመም፣ የፈረሰ ትዳር፣ የተባረሩበት ሥራ ሁሉ ከኋላዋ ይደበቃል። ከናፍቆት በቀር ምንም ያልጎደለው ሰው ሁለት ገጽ ጽፎ በመጨረሻው መስመር «ይህን ለእናቴ እንዳትነግርብኝ» ሲል የሚገኘው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ከተመላለሱባቸው ቦታዎች አንዷ የሆነችው ፍስሐ ገነት በጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ በስተ ደቡብ፣ ይርጋጨፌን አልፎ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ግዕዝ ለሚሰማ ሰው ስሟ «የገነት ደስታ» ማለት ነው። ከገነት ሰው ለምን ይወጣል የሚለው ጥያቄ በጣም ጥንታዊ ስለሆነ እዚህ አይነሣም። የወጣው ሰው ግን ደብዳቤ መላክ ነበረበት። የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ተቋቁሞ በ1901 የዓለም ፖስታ ኅብረትን ቢቀላቀልም ደብዳቤ እስከ ቤት ደጃፍ አያደርስም ነበር፤ የሚያደርሰው እስከ ፖስታ ሣጥን ነበር። ሣጥን የሌለው ሰው በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በባለ ሱቅ «በኩል» ይጻፍለት ነበር። እናም ልጅ ከየት አገር እንደጻፈ፣ ፖስታው ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ውስጡ ፎቶግራፍ ይኑር አይኑር ከአባቱ በፊት ባለ ሱቁ ያውቅ ነበር።

አድራሻው ራሱ አንድ ታሪክ ነው። በንጉሡ ጊዜ ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ይባል ነበር፤ በደርግ ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሆነ፤ ቀጥሎ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መጣ፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ከቤቱ ሳይነቃነቅ በአራት አድራሻ የኖረ ሰው ሞልቷል። ውጭ ያለው ጓደኛው ግን በወጣበት ዘመን አድራሻ ላይ ቆሟል። በአውራ ጎዳናው ወደ ደቡብ የሚገኘውን ከተማ ቡሌ ሆራ ሳይሆን ሀገረ ማርያም ብሎ የሚጠራ ሰው፣ ከአገር የወጣበት ዘመን ሳይጠየቅ ይገመታል።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ጌዴኦኛ አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም በፊደል። በኋላ ጌዴኦኛ በላቲን መጻፍ ጀመረ። አባት በፊደል የተማረውን ልጅ በላቲን ተማረው። ቀደም ያሉት የእጅ ስልኮች ፊደል ስላልነበራቸው አማርኛውም በላቲን ይጻፍ ነበር፤ አንድ መልእክት ለማንበብ የሁለት ትውልድ ዕርዳታ የሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር ቢባል አልተጋነነም። ወዳጅ የሚጠራበት ቃልም የራሱ ጣጣ አለው። ጓደኛ ማለት «ባልንጀራ» ነው፤ ቃሉን ሰዎች «ባለ እንጀራ»፣ ማለትም እንጀራ ተጋሪ ብለው ይተነትኑታል። ጌዴኦ ግን የእንሰት አገር ነው። እዚህ አብሮ ያደገ ሰው የተጋራው ከእንጀራ ይልቅ ቆጮ በመሆኑ ትንታኔው ትንሽ ያነክሳል፤ «አብሮ አደግ» የሚለው ቃል ይሻላል፣ ምግብ አይመርጥም።

አብሮ አደጎችን የበታተነው ያው አውራ ጎዳና ነው። ወደ ሰሜን ዲላ ደርሶ፣ ከዚያ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ወደ ደቡብ ሞያሌን ተሻግሮ ኬንያ ይደርሳል። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ ወጥተው ኬንያ ውስጥ ዋልዳ ካምፕ፣ በኋላም ካኩማ የገቡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከእነሱ መካከል አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ የደረሱ አሉ። ዲቪ የወጣለት በቦሌ ሄደ። ደቡብ አፍሪካ የፈለገ በናይሮቢ በኩል ወረደ። ሴቶች ልጆች ዓረብ አገር ሄዱ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከቦሌ በሰው ስልክ የሚደወል ጥሪ ጤና አይጠይቅም ነበር፤ «አገር ገብቻለሁ» ነው የሚለው።

በደብዳቤና በስልክ መካከል ካሴት የሚባል አጭር ዘመን ነበር። ውጭ ያለው ሰው ቴፑን ከፍቶ ድምፁን ይቀዳና በመንገደኛ እጅ ይልካል፤ ቤተሰቡ በቴፑ ዙሪያ ተቀምጦ ይሰማል፤ በካሴቱ ሁለተኛ ገጽ መልሱን ቀድቶ ይመልሳል። የሚቀዳውም ሰው ቢሆን «ይድረስ ለምወዳችሁ» ብሎ ይጀምራል፤ የሚያነበው ወረቀት ስላለ። እናት ተራዋ ሲደርስ ሁለት ቃል ተናግራ ታለቅሳለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቴፕ የዶሮ ድምፅ ነው። ከባሕር ማዶ ያለው ልጅ ደጋግሞ የሚያዳምጠው ይህንኑ ነበር። መንገደኛው ሲመለስ ካሴቱን ብቻ አይዝም፤ ቡላ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ይጫንበታል። የመንገደኛ ሻንጣ የራሱ ዕቃ የማይገባበት ብቸኛ ዕቃ ነው።

ስልክ ሲመጣ ቀጠሮ ይዞ መጣ። ቀኑና ሰዓቱ በደብዳቤ ይነገራል፤ ሰውየው ዲላ ወርዶ ቴሌ ተራውን ይጠብቃል፤ ኦፕሬተሯ ስትጠራው ሮጦ ይገባና «ሃሎ! ይሰማል?» ብሎ ይጮኻል። ደቂቃዋ ውድ ናት፤ ቢሆንም የተከፈለባቸው ሦስት ደቂቃዎች ሁሉ የሚያልቁት በጤና ነው። አዛውንቶች ዛሬም በቪዲዮ ሲነጋገሩ የሚጮኹት ጆሯቸው ስለከበደ ብቻ አይደለም፤ የለመዱት መስመር ያ ነበርና፣ አገሩ በራቀ ቁጥር ድምፅ ከፍ ይላል። ሞባይል በ1991 አዲስ አበባ ጀምሮ ወደ ወረዳዎቹ ሲወርድ ሚስድ ኮል የሚባል ጥበብ አብሮ ደረሰ፤ አገር ቤት ያለው አንድ ጊዜ አስጠርቶ ይዘጋል፣ ውጭ ያለው መልሶ ይደውላል። ዋጋ የማያስወጣ፣ ትርጉሙ ግን ሙሉ የሆነ ደብዳቤ ነው። ዛሬ ኢሞ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም ደቂቃዋን አርክሰዋታል። ሲረክስ ወሬው ይፈጥናል ተብሎ ነበር፤ የሆነው ተቃራኒው ነው። በሦስት ደቂቃ ዘመን ጤናው ሦስት ደቂቃ ነበር፤ በነፃ ዘመን ግማሽ ሰዓት ሆነ፣ ዋናው ጉዳይም የሚነሣው የኢንተርኔት ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ነው።

ሰላምታው እውነተኛ ዜና የሆነባቸው ጊዜያት ግን ነበሩ። በ2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት መቶ ሺዎች ከቀያቸው ሲፈናቀሉ «ደህና ነኝ» ማለት ደህና ነኝ ማለት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ የሚጠየቅ አልነበረም። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋም ከውጭ የላኩት መልእክት አንዲት ግራጫ ምልክት ይዞ ቀረ፤ መስመሩ ሲከፈት ብዙዎች ያገኙት መልስ ሁለት ቃል ነው።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ሰዓት ነው። ፍስሐ ገነት ያለው «ማታ ሦስት ሰዓት ደውል» ሲል ፀሐይ ከጠለቀች ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው፤ ዋሽንግተን ያለው ይህን ሰምቶ መጀመሪያ ወደ ዘጠኝ ይለውጣል፣ ከዚያ በበጋ ሰባት፣ በክረምት ስምንት ሰዓት ይቀንሳል። የእነሱ በጋና የኛ በጋ የተለያየ መሆኑ ደግሞ ሌላ ስሌት ነው። ጆሃንስበርግ ያለው አንድ ሰዓት ብቻ ይቀንሳል፤ ሪያድ ያለችው ምንም አትቀንስም፣ ግን የምትደውለው አሠሪዎቿ ሲተኙ ነው። ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዞራል የሚለውን ለእናት ማስረዳት ከባድ ነው። «ፀሐይዋስ?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልስ የለውም።

በስልክ ከሚላኩት ሁሉ የተለመዱት ምስሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከውጭ ይመጣል፦ በአንድ ቡና ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፣ 340 ግራም የሚመዝን ከረጢት፣ በላዩ በእንግሊዝኛ «ይርጋጨፌ»፣ ከሥሩ የአካባቢው ስም «ኮቸሬ» የሚል ጽሑፍ። ላኪው ምንም አይጽፍበትም፤ አያስፈልግም። አገር ቤት ያለው መጀመሪያ ዋጋውን ያያል፣ ወደ ብር ይመታል፣ እሸት ቡና በኪሎ ስንት እንደሸጠ ያስታውሳል፣ ከዚያ የሚስቅ ምስል ልኮ ዝም ይላል። ሁለተኛው ከፍስሐ ገነት ይሄዳል፦ «እስኪ ጓሮውን አዙርልኝ» ይባላል። ስልኩ ዞሮ ከደጃፉ ይጀምራል፣ እንሰቱን ያልፋል፣ በእንሰቱ ጥላ ያደገውን ቡና ያሳያል፣ ከላይ ትልልቆቹን ዛፎች ይነካል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ይኸው ጓሮና መሰሎቹ ናቸው። ተመልካቹ ግን ቅርሱን አይደለም የሚያየው፤ «ያ ዛፍ ተቆረጠ እንዴ?» ነው የሚለው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ድምፅ አይሰማም፤ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ዝናቡን ያያሉ።

ልጆች በዚህ መሀል ይጠራሉ። ውጭ የተወለደው «ሃይ በለው፣ አጎትህ ነው» ይባላል፤ አገር ቤት የተወለደችው ተጎትታ መጥታ «ጋሼ ደህና ነህ?» ትላለች፤ ሁለቱ ልጆች በመስታወቱ ውስጥ ይተያያሉ፣ ይሄዳሉ።

የሞት ወሬ በዚህ ሁሉ መንገድ አይሄድም። እናቱ የሞተችበት ሰው «እማማስ?» ሲል «ደህና ናቸው» ይባላል፤ ይህ እንደ ውሸት አይቆጠርም። ከፍስሐ ገነት የሚደወለው ሐዘንተኛው በሚኖርበት ከተማ ላለ ሌላ የአገር ልጅ ነው። እሱ ሌሎችን ይሰበስባል፣ ከሥራ ነፃ የሆነ ቀን ይመረጣል፣ ሽማግሌ ይፈለጋል፤ ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ በጠዋት ጥቁር ለብሰው የቆሙትን ሲያይ መርዶው ሳይነገር ደርሷል። ስልኩን መልሶ ሲያይ ባለፈው እሑድ «ደህና ናቸው» የተባለበት ጥሪ አርባ ደቂቃ ነው።

ገንዘብ ሌላ ነው፤ እሱ አይደበቅም፣ ግን ይዘገያል። «አንድ ነገር ላማክርህ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከመምጣቱ በፊት ያለውን ዝምታ ሁለቱም ያውቁታል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ በ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ከመቶ ሲያልፍ፣ «ዶላር ስንት ገባ?» ከላሚቱ ቀጥሎ የሚጠየቅ ጤና ሆኗል።

የደብዳቤው መዝጊያ ረጅም ነበር፤ ሰላም በሉልኝ የሚባሉት በስም ተዘርዝረው «ስማችሁን ያልጠራሁ እንዳትቀየሙኝ» ተብሎ ይፈረምበታል። ዛሬ ያ ዝርዝር «ሁሉንም ሰላም በልልኝ» ሆኖ አጥሯል፤ መሰነባበቱ ግን አላጠረም። «በል እሺ» ይባላል። «እሺ በል» ይመለሳል። ቀጥሎ «በል በቃ» አለ፤ ከእሱ በኋላ አንደኛው የረሳው ነገር ትዝ ይለውና ዐሥር ደቂቃ ይጨመራል። መጨረሻ ላይ ከጣሊያን የመጣችው ቃል ሦስት አራት ጊዜ ትደጋገማለች፦ ቻው፣ ቻው፣ እሺ ቻው። ማን ቀድሞ እንደሚዘጋ ግን ሥርዓት አልወጣለትም፤ ሁለቱም ስልኩን ይዘው ይጠብቃሉ።