ስድሳ ሦስትን ስንጠብቅ

ስሟ ላይ 63 ተጽፎባት በ1981 ገበያ የወጣች ዕቃ አንዲት ብቻ ነው የማውቀው። ፒተር ዎከር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ስለዚህች ስፒከር ማሰላሰል የጀመረው በ1963 ነበርና፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቶ ለሰው ሲያሳያት ያንኑ ዓመት ሳያፍር ስም አወጣላት፦ ኢኤስኤል 63። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ለንደን ውስጥ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሰው ግን የሚቆጥሩት በኛው ነበር። «ስድሳ ሦስት በኛ ከሆነማ ምን አላት! አሁን ሰባ ሦስት አይደል? የዘገየችው አሥር ዓመት ብቻ ነው» ብለው ለዎከር የስምንት ዓመት ምሕረት አደረጉለት።

ጋሼ በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እኔ የደረስኩት በሰባዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ሳምንቱን እየተማርኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ካርቶን እሸከም ነበር። እሳቸው የሱቁ ደንበኛ ናቸው፤ ይገዛሉ ማለቴ ሳይሆን ይመጣሉ ማለቴ ነው። አንድ ቀን አተኩረው አዩኝና፣

«አንተ ልጅ፣ ያገሬ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

«ነኝ ጋሼ።»

«በል እሑድ ና። ምሳ እንበላና ጥላሁንን አሰማሃለሁ።»

ጥላሁን ገሠሠን እኔ ፒያሳ ሸክላ ቤት በር ላይ ቆሜ ጠግቤዋለሁ ባይ ነበርኩ። ለወጉ ብዬ ሄድኩ።

ሳሎኑ ጠባብ ነው። ከመስኮቱ ወዲህና ወዲያ ሁለት ዝቅ ያሉ፣ ሰፋፊ፣ ፊታቸው በወንፊት የተሸፈነ፣ አጫጭር የእንጨት እግር ያላቸው ዕቃዎች ቆመዋል። ኳድ የሚባለው የዎከር ኩባንያ በ1957 ለገበያ ያቀረባቸው የመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከሮች ናቸው። ማሞቂያ የማይመስሉት ሰው የለም። አንዲት ጎረቤት እጇን ልታሞቅ ጠጋ ብላ ነበር አሉ። ጋሼ ሶኬታቸውን ሰኩ፤ እንደ ሌላ ስፒከር የአምፕሊፋየር ሽቦ ብቻ አይበቃቸውም፣ የራሳቸው መብራት ይፈልጋሉ። ጥቂት ጠበቅን። ከዚያ መርፌው ሸክላው ላይ ወረደ።

ያን ቀን የሰማሁትን እንዴት ልበለው? ጥላሁን ሳጥን ውስጥ አልነበረም። የተለመደው ስፒከር በእንጨት ሣጥን ውስጥ የታሰረ ኮን ነው፤ ዘፋኙ ሲዘፍን ሳጥኑም ከሥር አብሮ ያጉረመርማል። ኳዱ ሣጥን የለውም፤ ኮንም የለውም። በሁለት ቀዳዳ በበዛባቸው ሳህኖች መካከል ከፀጉር የቀጠነ ፕላስቲክ ተወጥሯል። ፕላስቲኩ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ተሞልቶ ይቀመጥና ሙዚቃው ከፊትና ከኋላ ይገፋዋል፣ ይስበዋል። ክብደት የለውም ማለት ይቻላልና ተንቀሳቀስ ሲባል ይንቀሳቀሳል፣ ቁም ሲባል ይቆማል። ጥላሁን ከአንድ ስንኝ ወደ ሌላው ሲሻገር ትንፋሹን የሚወስድበትን ቦታ ሰማሁ። ከበሮው ሳሳ ማለቱ አይካድም፤ ወፍራም ድምፅ አይሆንለትም። የሰው ድምፅ ላይ ግን እስከ ዛሬም ወደር አላየሁለትም።

አንድ ጣጣ ነበረበት። ድምፁ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ስለሚሄድ ሙሉውን የሚሰማው ከሁለቱ መካከል በትክክል የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ጋሼ ለዚያ ቦታ አንድ ወንበር አስቀምጠዋል። እሑድ እንግዳ ሲበዛ መከራ ነው። «እርስዎ ይቀመጡ»፣ «ኧረ በእግዜር፣ አንተ ተቀመጥ»፣ «እንግዳ እያለ እኔ?» ሲባባሉ አምሃ እሸቴ ያሳተማት ባለ አርባ አምስት ዙር ሸክላ በሦስት ደቂቃ አልቃ ትቆማለች፤ ወንበሩም ባዶውን ይቀራል። እንደገና መርፌው ይነሣል፣ እንደገና «ኧረ በእግዜር» ይጀመራል።

የአዲሷ ወሬ ይናፈስ የነበረው ያኔ ነው። ዎከር ከአንድ ወንበር በላይ የምታሰማ ስፒከር እየሠራ ነው ይባላል። መቼ? አይታወቅም። ጋሼ ሃይ ፋይ ኒውስና ግራሞፎን የተባሉትን መጽሔቶች በየወሩ ከፊት እስከ ኋላ፣ ማስታወቂያው ሳይቀር ያነቧቸው ነበር። ቅዳሜ ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ይደርሱና «እህሳ?» ይላሉ። ባለ ሱቁ ትከሻውን ነቅነቅ ያደርጋል። ባለ ሱቁ አዲሷን የሚጠብቁ ሰዎችን ስም የሚጽፍበት ደብተር ነበረው፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተያይዟል። ከተጻፉት መካከል ሐኪም፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሹም አሉበት። ቅዳሜ እየተገናኙ ወዳጅ ሆነው ነበር። ዕቃዋ በቶሎ ብትመጣ ኖሮ ባልተዋወቁም ነበር።

ኩባንያው ዝም ብሎ ሰነፍ ቢሆን ማንም አይጠብቀውም ነበር። ዎከር በ1936 ለንደን ላይ ጀምሮት፣ በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ሲወርድ በ1941 ሀንቲንግደን ወደምትባል ትንሽ ከተማ የወሰደው ሥራ ነው፤ እዚያው ኖረ። ሌላው በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ሲያወጣ እሱ ኳድ 2 የተባለውን አምፕሊፋየር በ1953 አውጥቶ ተከታዩን 303 ያመጣው በ1967 ነው። የሚሻል ነገር ከሌለው አያወጣም። በ1975 ያወጣው 405 ደግሞ ለአሠራሩ አዲስነት በ1978 የንግሥቲቱን ሽልማት አገኘ። ጋሼ ዜናውን አንብበው አልተደሰቱም። «አምፕሊፋየሩን ንግሥት ፊት አቀረበ፤ እኛን ደጅ አስጠናን» አሉ።

መዘግየቱ ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ፣ አሠራሩ በመጽሔት ሲተነተን ነው። ጠፍጣፋ ነገር ድምፁን እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ይወረውራል። ዎከር ጠፍጣፋውን ሳይተው እንደ አንዲት ነጥብ እንዲያሰማ ፈለገ። ስለዚህ ሳህኖቹን በክብ በክብ ከፋፈላቸው። ሙዚቃው መጀመሪያ መካከለኛው ክብ ላይ ይደርሳል፤ ወደ ቀጣዩ ቀለበት ሲያልፍ በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሆን ተብሎ ጥቂት እንዲዘገይ ይደረጋል፤ ወደ ቀጣዩም እንዲሁ። በዚህ መንገድ ድምፁ ከስፒከሩ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ካለች ነጥብ ተነሥቶ እየሰፋ የሚመጣ ይመስላል። ይህን ማሰብ አንድ ነገር ነው፤ በፋብሪካ ደረጃ ደጋግሞ መሥራት ግን ሌላ።

ሰው እየጠበቀ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዳንዱ ሁለት ጥንድ አሮጌ ኳድ ገዝቶ አንዱን በአንዱ ላይ ይደራርብ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ማርክ ሌቪንሰን ይህንኑ ይዞ፣ ለወፍራሙ ድምፅ ሃርትሊ፣ ለቀጭኑ ዴካ ጨምሮበት ኤችኪውዲ ብሎ ይሸጥ ነበር። ጋሼ ሥዕሉን ያዩና ሳሎናቸውን ያያሉ፤ መጽሔቱን ያጥፋሉ። ከዚያ አንድ እሑድ አንድ እንግዳ የራሱን ጉልበተኛ አምፕሊፋየር ይዞ መጣና እንሞክረው አለ። እንግዳ እምቢ አይባልም። ድምፁ ከፍ ሲል ከወንፊቱ ጀርባ ብልጭ አለ፣ ጠጠ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ የግራው ስፒከር ጸጥ አለ። ሀንቲንግደን የድሮ ዕቃውን ሁሉ ስለሚጠግን ወደዚያው ተላከ። እስኪመለስ ድረስ እሑድ በምሳ ብቻ ተካሄደ፤ ምሳውም ያለ ወጉ አጭር ሆነ።

በ1981 አንድ ቅዳሜ ባለ ሱቁ «ና ተሸከም» አለኝ። አዲሷ ከአሮጌዋ ጠበብ፣ ከፍ ያለች ነች፤ ማሞቂያ አትመስልም። ጋሼ ከቤታቸው የብዙነሽ በቀለን ሸክላ በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡ። የኦርጋን ተጫዋቹና ሐኪሙም ነበሩ። ጋሼን መካከል አስቀመጧቸው፤ ብዙነሽ ጀመረች። ጥቂት ሰምተው ተነሡና ወደ ግራ ሄዱ። ከዚያ ወደ ቀኝ። በሩ ድረስ ሄደው ጆሯቸውን አዘነበሉ። የትም ቢሄዱ እሷ እቦታዋ ላይ ናት። ባለ ሱቁ እንዴት ነው ቢላቸው በእንግሊዝኛ አመሰገኑና ወደ እኔ ዞረው፣

«እንግዲህ እሑድ ‹ኧረ በእግዜር› የሚባባል አይኖርም ማለት ነው» አሉኝ፤ ፊታቸው የተደሰተ አይመስልም።

ቢሆንም አዘዙ። ተራቸው ሲደርስ ሁለቱንም ተሸክሜ ደረጃውን የወጣሁት እኔ ነኝ። ባለ ሱቁ አሮጌዎቹን በጥሩ ዋጋ እገዛለሁ ቢል አሻፈረኝ ብለው መኝታ ቤታቸው አስገቧቸው፤ አልጋው ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ሳሎን ሰው ሞልቶ ሁሉም በየመቀመጫው ብዙነሽን ሲያዳምጥ፣ ጋሼ አንዳንዴ ይጠፉና ከመኝታ ቤቱ ጥላሁን ይሰማ ነበር።