ካንዴላ በጣት ይጀመራል

ውቤ በረሃ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ መሸታ ቤቱና ወደ ድሮው የሌሊት ጭፈራ ይሄዳል። እኔ ግን፥ አንባቢዬ፥ ዛሬ የማነሣልዎት እዚያው ሰፈር በአንድ ሽማግሌ መካኒክ ጠባብ ግቢ ያየሁትን የቀን ሥራ ነው፤ ይኸውም ካንዴላ ማሰር ነው። መኪና ባይኖርዎትም ግድ የለም፤ የመምህርና የጸሐፊ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔም ቮልስዋገን የአጎቴ ነበረች፤ እሳቸው ከመሥሪያ ቤት ደመወዛቸው ቆጥበው የገዟት፥ ለእኔም ያወረሱኝ ብቸኛ ንብረት ናት።

የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ጎማ እያልን እንናገራለን። ካንዴላ ማለትም በእነሱ አፍ ሻማ ነው። ይኸው ሻማ መካኒኮች ቴስታታ በሚሉት በሲሊንደሩ ክዳን ላይ ተተክሎ ቤንዚኑንና አየሩን በብልጭታ ያቀጣጥላል። የፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንሁ ብልጭታው እንዴት እንደሚዘል በሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳያለሁ። ካንዴላው እንዴት እንደሚታሰር ግን በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የነገረኝ የለም።

ነገሩን እንድጠይቅ ያደረገኝ ይኽ ነው። አንድ ቀን ከራስ መኰንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስወጣ ሞተሩ እንደ ጠመንጃ ጮኸና ጉልበት አጣ። አንዱ ካንዴላ የቀዳዳውን ጥርስ ልጦ ተፈናጥሮ ወጥቷል። ለካ ቀደም ሲል በሌላ ጋራዥ አንድ የቸኮለ ሰው አጣሞ ጀምሮት፥ በቁልፍ አስገድዶ አስገብቶት ኖሯል። የካንዴላው ጥርስ ብረት ነው፤ የቮልስ ቴስታታ ግን አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ ሲታገሉ ማን እንደሚሸነፍ አይጠየቅም። የዚህ ዓይነት ቮልስ የመጨረሻዋ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ አገር ተሠርታ ምርቱ ስለቆመ፥ ቴስታታ እንደ ሽንኩርት ከገበያ አይገዛም። ሽማግሌው ቀዳዳውን አስፍተው፥ ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ተክለው አዳኑልኝ። የወር ደመወዜ ግማሽ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አሠራራቸውን እየቆምሁ አይ ጀመር። ሞተሩ ሳይበርድ አይነኩም። አሮጌውን ከመፍታታቸው በፊት አሸዋ ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባ ዙሪያውን በአየር ይነፉታል። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አቁመው ያስተያያሉ፤ ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር ሆኖ ቢገጥም እንኳ የጥርሱ ርዝመት ከበዛ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። ብልጭታው የሚዘልበትን ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ያደርጋሉ።

ረዳታቸው ቁልፍ ሲያነሣ፥ «አስቀምጥ! መጀመሪያ ጣትህ ይጠይቀው» ይሉታል። አንድ ቁራጭ የቤንዚን ቱቦ በካንዴላው ጭራ ላይ ይሰኩና በመጀመሪያ ወደ ግራ፥ ማለት ወደ መፍቻው በኩል፥ ያዞሩታል። ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ጠቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ወደ ቀኝ ይመልሱታል። ከተጣመመ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ አያስገድድም። ቁልፍ የሚመጣው ካንዴላው በጣት እስከ ታች ወርዶ ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ አዲስ ሮንዴላ ካለው ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ይበቃዋል። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ ጥግ ውስጥ ተደብቆ ዓይን ስለማያየው በዳበሳ ይሠራል። የእኔም የተፈናጠረው እርሱ ነበር፥ አይገርምም።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ሽማግሌው ዕቃቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ቱቦዋን ግን ለእኔ ትተውልኛል፤ እሑድ እሑድ ሥራው የራሴ ሆኗል። ካንዴላውን ባወጣሁ ቁጥር ጫፉን አያለሁ፤ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፥ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡራተሩ ለዚህ ካልተስተካከለ ጥላሸቱ ቶሎ ይመጣል። እርስዎም አንድ ቀን ቮልስ ቢያገኙና ገመዶቹን ቢነቅሉ፥ የሚቀጣጠሉበት ተራ 1፥ 4፥ 3፥ 2 ነው።