ዝም የምትለው ኬ

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን «ለዚህ እትም አንድ ነገር ጻፊ» ሲለኝ ስለምወደው ነገር ልጽፍ ወሰንኩ። እኔ የምወደው የእንግሊዝኛ ቃላት መሰብሰብ ነው። የደብተሬ የመጨረሻ ገጾች በቃላት የተሞሉ ናቸው። ዛሬ ከእነሱ መካከል በኬ እና በኤን የሚጀምሩትን አካፍላችኋለሁ። የታች ክፍል ተማሪዎችም እንድታነቡት ብዬ ሁሉንም በራሳችን ፊደል ጽፌዋለሁ። ስፔሊንጉን ደግሞ ኬ እና ኤን እያስቀደማችሁ በደብተራችሁ ሞክሩት።

እነዚህ ቃላት አንድ የሚያመሳስላቸው ጠባይ አላቸው። ኬ ከሁሉም ፊት ትቆማለች፣ ግን ድምፅ አታሰማም። እስቲ እዩዋቸው፦

ኒ፦ ጉልበት። ስፔሊንጉ ኬ፣ ኤን፣ ኢ፣ ኢ ነው።
ኒል፦ መንበርከክ። የ«ኒ» ዘመድ ነው፣ ምክንያቱም የምንንበረከከው በጉልበታችን ነው። በእኛም እንደዚሁ ነው፤ በግዕዝ ጉልበት «ብርክ» ይባላል፣ «ተንበረከከ» የመጣው ከዚያ ነው።
ናይፍ፦ ቢላዋ።
ኖክ፦ በር ማንኳኳት።
ኖት፦ ቋጠሮ።
ኒድ፦ ሊጥ ማሸት።
ኒት፦ ሹራብ መሥራት።
ኖው፦ ማወቅ። ከእሱ «ኖሌጅ» ይወጣል፣ እውቀት ማለት ነው።

እነዚህን ቃላት ለማጥናት ቤቴ ይበቃኛል። እማዬ ሊጥ ስታሸት «ኒድ» እላለሁ። ሽንኩርት ስትከትፍ «ናይፍ»፣ ብሯን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ስትቋጥር «ኖት» እላለሁ። እማዬ አማርኛ ታነባለች፣ እንግሊዝኛ ግን አልተማረችም። አንድ ቀን ኬን በጣቴ እያሳየሁ «ይቺ ትጻፋለች እንጂ አትጠራም» አልኳት። እሷም «ታዲያ ካልተጠራች ምን ልትሠራ ተቀመጠች? ደመወዟስ ምንድን ነው?» አለችኝ። በጣም ሳቅን። ጥያቄዋ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

በማግስቱ ለእንግሊዝኛ መምህራችን ጠየቅኳቸው። እሳቸውም እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ድሮ እንግሊዞች ኬን ይጠሯት ነበር። «ጉልበት» ሲሉም «ቢላዋ» ሲሉም ኬዋ ትሰማ ነበር። በ1476 እ.ኤ.አ. ዊልያም ካክስተን የሚባል ሰው የማተሚያ መሣሪያ ወደ እንግሊዝ አገር አስገባ። መጻሕፍት በብዛት መታተም ሲጀምሩ የቃላቱ አጻጻፍ ቀስ በቀስ እየረጋ መጣ። ከዚያ በኋላ ነው፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ፣ ሰዎች ኬን መጥራት እየተዉ የሄዱት። አነጋገሩ ተለወጠ፣ አጻጻፉ ግን ባለበት ቀረ። የጀርመንኛ ቋንቋ የእንግሊዝኛ ዘመድ ነው። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ጉልበትን «ክኒ» ይላሉ፣ ኬዋም ትሰማለች።

ይሄ ነገር በእኛም አለ እኮ! ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ ስናነባቸው ድምፃቸው አንድ ነው። እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠም እንደዚያው። በጥንቱ ግዕዝ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። አብራኝ አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ጓደኛዬ አፏን የፈታችው በትግርኛ ነው። እሷ በትግርኛ «ፀሓይ» ስትል ሐመሩ ሐ ከጉሮሮዋ ሲወጣ በደንብ ይሰማል። ስለዚህ አብረን ስናጠና የትኛው «ሐ» እንደሆነ ሲጠፋብኝ «በትግርኛ እንዴት ነው የምትሉት?» እላታለሁ። ትግርኛ ለእኛ፣ ጀርመንኛ ለእንግሊዞች እንደሆነው ማለት ነው።

የእማዬን ጥያቄም አሁን መመለስ እችላለሁ። ኬ የምትሠራው ለጆሮ ሳይሆን ለዓይን ነው። «ናይት» ያለ ኬ ሌሊት ነው፣ ኬ ሲጨመርበት ደግሞ የድሮ ዘመን ፈረሰኛ ተዋጊ ይሆናል። «ኒው» ያለ ኬ አዲስ ነው፣ በኬ ሲጻፍ ግን «አወቀ» ማለት ነው። በእኛም «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌባ የሠራው ሥራ ነው፣ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ሲባል ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። ፀሐይን ሌባ እንዳንላት የሚጠብቅልን ፊደሉ ነው!

አሁን ይህን ጽሑፍ ለምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። በዚህ ሴሚስተር በእኛ ክፍል አንድ ልጅ ተነስቶ ሲያነብ «ክናይፍ» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «ክናይፍ! ክናይፍ!» እያሉ እረፍት ሰዓት ድረስ ተከተሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ልጅ እጁን አውጥቶ አያውቅም። በእንግሊዝኛ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ በሒሳብም ተወው። በሒሳብ ደግሞ ከሁላችንም እሱ ይበልጣል። እኛ 8ኛ ክፍል ነን፣ የሚቀጥለው ዓመት 9ኛ እንገባለን። እዚያ ሒሳቡም፣ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። በአንድ ፊደል ምክንያት እስከ 12ኛ ክፍል ዝም ብሎ ሊቀመጥ ነው? ኬ ዝም ብትል ምንም አይደል፣ ልማዷ ነው። ልጅ ዝም ሲል ግን ያሳስባል።

እስቲ አስቡት። ያ ልጅ ያነበበው የተጻፈውን ነው። ከ500 ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ቢሆን ኖሮ ኬን በመጥራቱ ማንም አይስቅበትም ነበር። ዛሬ የማይጠራ መሆኑን ደግሞ ሰው ካልነገረን ከየት እናውቃለን?

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ አንድ ሰው ኬን ከጠራት «ኬዋ አትጠራም» በሉትና እለፉ፤ ሁለት ቃል ብቻ ነው። የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ እንደዚህ ዓይነት ቃላት ስታስተምሩን ታሪካቸውንም ንገሩን፤ ምክንያቱን ስናውቅ አንረሳውም፣ አንሳሳቅምም። አንተ ደግሞ፣ ስምህን አልጠራም፣ ይህን ገጽ የምታነበው ከሆነ ነገ ሒሳብ ሁለተኛ ፔሬድ ላይ ነው። እጅህን አውጣ። ያቺን የትናንቷን ጥያቄ እኛ አልቻልናትም።

በሚቀጥለው እትም በደብልዩ እና በአር የሚጀምሩትን ይዤ እቀርባለሁ። እነሱ ጋ ደግሞ ዝም የምትለው ደብልዩ ናት። «ራይት» መጻፍ ነው፣ «ሮንግ» ስህተት ነው፣ «ሪስት» የእጅ አንጓ ነው። ሌሎቹን እናንተ ፈልጉና የክበባችን ሣጥን ውስጥ ክተቱልኝ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!