ፍቅርና ድርቆሽ

ጊኒ ፒግ የሚባለው እንስሳ ስሙ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ከጊኒ አገር የመጣ አይደለም፤ አሳማም አይደለም። የትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው፤ የዚያ አገር ገበሬዎችም በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት በቤታቸው ሲያረቡት ኖረዋል። ወገኑ ከነአይጥና ከነጃርት ሲሆን ጅራት የለውም፤ ሲያድግ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ጠባዩም የዋህ ነው።

እኔ ሁለት አሉኝ። ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሄደ ወዳጄ ከነሳጥናቸው አደራ ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ብቻውን ለሚኖር አስተማሪ ከሥራ ሲመለስ በፉጨት የሚቀበለው ፍጥረት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ፉጨቱ ለእኔ ሳይሆን በእጄ ለያዝኩት ሣር መሆኑን ባውቅም ደስ ይለኛል።

ዋና ምግባቸው ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ስል የእንጀራውን ማለቴ አይደለም፤ ታጭዶ የደረቀውን ሣር ነው። ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ስለሚያድግ ሣር በማኘክ ካልተፋጨ ረዝሞ መብላት ያስቸግራቸዋል፤ አንጀታቸውም ያለ ሣር ሥራውን አያከናውንም። ስለዚህ ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ ሌሊትና ቀን ከፊታቸው አይታጣም። በዚህ ላይ ለእያንዳንዳቸው በቀን አንድ ኩባያ ያህል እርጥብ ቅጠላ ቅጠል፣ ከማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያም ጥቂት ቁራጭ ይጨመራል። ካሮት ጣፋጭ ስለሆነ አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ሽንኩርት፣ ድንች፣ አቮካዶ፣ ሥጋና ወተት ክልክል ናቸው።

ችግሩ የመጣው ከክፋት ሳይሆን ከደግነት ነው። አከራዬ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ቤቴ ያደረ እንግዳ ሣር ሲበላ እንዴት ዝም ብዬ አያለሁ?» ይሉኝ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ስውል ስኳር በበዛበት ሻይ ዳቦ እየነከሩ ያጎርሷቸዋል። እንስሶቹም ጣፋጩን ለምደው ቅጠሉን ተዉት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአንዷ ጉልበት አብጦ መራመድ ተሳናት፤ ስትነካ ትጮሃለች። የእንስሳት ሐኪሙ የቫይታሚን ሲ እጦት መሆኑን ነግሮኝ ቫይታሚኑን በጠብታ ሰጣት።

ነገሩ በሳይንስ ታሪክ የታወቀ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ የኖርዌይ ሊቃውንት ጊኒ ፒጎችን በእህልና በዳቦ ብቻ ቢመግቧቸው፣ ቀድሞ መርከበኞችን ይፈጅ የነበረው ስኩርቪ የሚባለው በሽታ ያዛቸው። ጥሬ ጎመን ወይም የሎሚ ጭማቂ የተጨመረላቸው ግን ከበሽታው ተጠበቁ። ምክንያቱ ኋላ ታወቀ፤ ፍየልም ውሻም ቫይታሚን ሲን በገዛ አካላቸው ውስጥ ይሠሩታል፤ ጊኒ ፒግ ግን አይችልም፤ በየቀኑ ከምግቡ ማግኘት አለበት። ልኩም ለጤነኛው በኪሎ ክብደት ቢያንስ 10 ሚሊግራም ነው፤ ለታመመና ላረገዘ ከዚያ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለአከራዬ መንገር ሌላ ነው። «የእርስዎ ዳቦ አሳመማት» ብሎ ለእናት መናገር እንዴት ይቻላል? አስቤ አስቤ እንዲህ አልኋቸው፦ «እማማ፣ ሐኪሙ መድኃኒቷ ጥሬ ጎመን ነው ብሏል። ከጓሮዎ በየማለዳው ጥቂት ቅጠል ቢሰጡልኝስ?» ፊታቸው በራ። ዳቦው ቀረ፤ አንድ ቀን ጎመን፣ አንድ ቀን ሰላጣ እያፈራረቁ ማቅረብ የእሳቸው ሥራ ሆነ። በሽተኛዋም እያደር ተሻላት። ያንን የደግ እጅ መከልከል አላስፈለገም፤ የያዘውን መለወጥ በቂ ሆነ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ «ይህ የእንስሳ ወሬ ለእኔ ምኔ ነው?» ትል ይሆናል። እኔና አንተም ቫይታሚን ሲን በአካላችን መሥራት አንችልም፤ በዚህ ከጊኒ ፒግ ጋር ወንድማማች ነን። ደመወዝ እስኪደርስ ቁርሱን ዳቦና ሻይ፣ ምሳውን ሻይና ዳቦ የሚያደርግ ተማሪና ጸሐፊ ስንት አለ! ሆድ ሞላ ማለት ሰውነት ጠገበ ማለት አይደለም። ብርቱካን ቢወደድብህ፣ ከሽሮህ ጎን አንድ ጥሬ ቃሪያ አይጥፋ፤ ጎመንህንም ከልክ በላይ አታብስለው፤ እሳት ሲበዛበት ቫይታሚኑ ይጠፋልና።