መጀመሪያ ዘፈኑን የሚጠይቁት አናጢ

ከካሴት እስከ ፍላሽ በነበረው ዘመን የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ከመልኩ በፊት በድምፁ ይታወቅ ነበር። ሰማያዊና ነጩ መኪና ገና ከመታጠፊያው ሳይወጣ ዱም ዱም የሚለው ቀድሞት ይደርሳል። ቆሞ የሚጠብቀው ወጣትም «መጣ ያ ልጅ!» ይላል። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሾፌሩ የሚታወቀው በቤዙ ነው። የአንዱ ቤዝ ደረት ይመታል፣ የሌላው መስታወት ያንቀጠቅጣል፣ የሦስተኛው ደግሞ ጆሮ ሳያስቸግር እግር ያነቃንቃል። መኪናው ያው ቶዮታ፣ መሥመሩ ያው፣ አንዳንዴ ካሴቱም ያው ሆኖ ሳለ ይህን ሁሉ ልዩነት የሚያመጣው ከወንበር ሥር የተሸጎጠው የእንጨት ሳጥን ነበር።

ያንን ሳጥን ከሱቅ ገዝቶ ማስገባት የሚታሰብ አልነበረም። እንደ ልብስ ተለክቶ የሚሰፋ ነገር ነው። ቴፑ ፓዮኒር ወይም ኬንውድ ይሆናል። ውፈሩ ከዱባይ ዕቃ ከሚያመጣ ነጋዴ ይገዛል፤ አቅም ካነሰ ከተበላሸ የቤት ስቴሪዮ ላይ ይነቀላል። ሽቦውና ፊውዙ ሱማሌ ተራ አለ። ሳጥኑ ግን የአናጢ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁም ሳጥንና ኮመዲኖ ሲመታ የዋለ ባለሙያ አመሻሽ ላይ በሩ ላይ ታክሲ ይቆምለታል።

የሰፈራችን አናጢ አጠያየቅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ሾፌሩ ይመጣና «ጋሼ፣ ድብን አድርጎ የሚመታ ይሥሩልኝ» ይላቸዋል። እሳቸው ሜትራቸውን ከኪሳቸው አያወጡም።

«መጀመሪያ የምን ዘፈን እንደምትሰማ ንገረኝ።»

«የተገኘውን ነዋ፣ ጋሼ!»

«የተገኘውን ለሚሰማ የተገኘው ሳጥን ይበቃዋል። ሌላ ቦታ ሂድ።»

ይሄኔ ሾፌሩ ሳቅ ይልና ካሴቶቹን ከዳሽቦርዱ ላይ ሰብስቦ ያመጣቸዋል። እሳቸውም አንድ በአንድ እያገላበጡ ያያሉ። ሥራው የሚጀመረው ያኔ ነው።

ነገሩ የሽማግሌ ቀልድ ይመስላል፤ ግን አልነበረም። ውፈር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ በጀርባው በኩል ደግሞ ይስባል። የፊቱና የጀርባው ሞገድ እንደ ልባቸው ከተገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ውፈሩን ባዶውን መሬት ላይ አስቀምጦ ያጫወተ ሰው ይህን ያውቃል፤ ያ ሁሉ ቆዳ ይርገበገባል እንጂ ቤዝ የሚባል ነገር አይወጣውም። የሳጥኑ የመጀመሪያ ሥራ የጀርባውን ሞገድ ማሰር ነው። ሁለተኛው ሥራው የታሰረውን አየር ስፕሪንግ ማድረግ ነው፤ ቆዳው ሲወጣ አየሩ ይመልሰዋል። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር እ.ኤ.አ. በ1954 ይህንን ሐሳብ ይዞ ትንሽ ዝግ ሳጥን እስኪሠራ ድረስ፣ ጥልቅ ቤዝ ያማረው ሰው ሳሎኑን በግዙፍ ስፒከር ማጣበብ ግድ ይሆንበት ነበር። ከዚያ አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲሌ በ1961፣ ቀጥሎም ሲድኒ ያጠናው ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የትኛው ውፈር ምን ያህል አየር እንደሚፈልግ የሚያሰላ ቀመር አወጡ።

እነዚህ ስሞች የሰፈራችን አናጢ ቤት ደርሰው አያውቁም። መልሱ ላይ ግን በጆሮ ተደርሶ ነበር፦ ዝግ ሳጥን ለችክችካ፣ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ለሬጌ።

ችክችካ ይቸኩላል። የቤዝ ጊታሩ ምት አጭር አጭር ስለሆነ የውፈሩ ቆዳ ወጥቶ ቶሎ መመለስ አለበት። አለዚያ አንዱ ምት ሳይበርድ ሌላው ይደርስበትና የሚሰማው ጉምጉምታ ብቻ ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ሮሃ ባንድ ያጀባቸውን ካሴቶች የሚወድ ሾፌር፣ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ጣት በጣት ለይቶ መስማት ከፈለገ ዝግ ሳጥን ያሻዋል። ሬጌ ግን አይቸኩልም። ቤዙ ይረዝማል፣ ወደ ታችም ይወርዳል፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። ለዚህ ሳጥኑ ይበሳና የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ይገባበታል። ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ሳጥኑ የሚያጎላው ድምፅ ወደ ታች ይወርዳል። ታስሮ የነበረው የጀርባ ሞገድም በቧንቧው በኩል ተስተካክሎ ይወጣና ከፊቱ ጋር ይተባበራል። ጉልበቱ ያምራል፤ ዋጋው ግን ቦታ ነው። ለ12 ኢንች ውፈር ዝግ ሳጥን 28 ሊትር ያህል ሲበቃው፣ ቀዳዳ ያለው እንደ ውፈሩ ዓይነት እስከ 50 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠይቃል።

በ1997 ዓ.ም. በሰፈራችን ይህ ምርጫ የክርክር ርእስ ሆኖ ነበር። በጥር ወር የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት በመስቀል አደባባይ ተከበረ፤ በዚያው ዓመት የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» ወጣ። ሬጌ በየታክሲው ነገሠ። ዝግ ሳጥን ያሠሩ ሾፌሮች «ይብሱልንና ቧንቧ ያስገቡልን» እያሉ ተመለሱ። አናጢው ግን አሻፈረኝ አሉ። «ብበሳው የተበሳ ሳጥን ነው የሚሆነው እንጂ ሬጌ አይሆንም» ነበር መልሳቸው። እውነታቸውን ነው። ለዝግ የተለካ አየር ለቧንቧ አይበቃም፤ ከላይ ጮክ ይላል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። የቸኮለው ሌላ ቦታ ሄዶ አስበሳ። የታገሠው አዲስ አሠራ።

ፈተናው ታዲያ ቦታ ማግኘቱ ነበር። በታክሲ ውስጥ እያንዳንዱ ወንበር ብር ነው፤ ለሙዚቃ ብሎ አንድ ወንበር የሚለቅ ባለንብረት የለም። ስለዚህ ሳጥኑ ከወንበር ሥር፣ ከክሪኩና ከመለዋወጫ ጎማው ጋር ተጋፍቶ መግባት አለበት። እዚህ ላይ ነው የአናጢው ጥበብ። ውስጡ 30 በ30 በ31 ሳንቲሜትር የሆነ ሳጥን 28 ሊትር ይይዛል፤ 50 በ35 በ16 የሆነውም ያንኑ 28 ሊትር ይይዛል። በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አንድ ሞገዱ ከ8 ሜትር በላይ ነው፤ የያኔው ሚኒባስ ርዝመት ደግሞ 5 ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ላለ ረጅም ሞገድ የሳጥኑ ቅርጽ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ዋናው በውስጡ ያለው አየር ነው። አናጢው በመጀመሪያ ከካርቶን ይሠሩታል። ካርቶኑን ከወንበሩ ሥር እየከተቱ፣ እያወጡ፣ ጥጉን እየቆረጡ ልክ ሲገባ ወደ እንጨቱ ይሄዳሉ።

በእንጨቱም ቢሆን ክርክር አለ። ኮምፔርሳቶ ጠንካራና ቀላል ነው፤ ግን ኪስ ይጎዳል። ቺፑድ ርካሽ ነው፤ ግን ረዳቱ ማታ ማታ ወለሉን ሲያጥብ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ኤምዲኤፍ ሲመጣ ብዙው ወደሱ ዞረ፤ ይከብዳል፣ ግን ድፍን ስለሆነ አብሮ አይንጫጫም። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ይሁን ይባላል። መጋጠሚያው በኮላና በብሎን ይጠብቃል፤ ስንጥቅ ካለ ሰጋቱራ በኮላ ተለውሶ ይደፈናል። ውስጡ ጥጥ ወይም የፍራሽ ስፖንጅ ይገባበታል። ይህም ምሥጢር አለው፤ ጥጥ የጠገበ ሳጥን ከልኩ ተለቅ ያለ መስሎ ይጫወታል። በመጨረሻ ከውጭ ሞኬት በማስቲሽ ይለበጥና ያልቃል።

ከዚያ ፍተሻ ነው። አናጢው ባትሪ ድንጋይ ከሽቦው ጋር ያነካካሉ፤ ቆዳው ወደ ውጭ ከዘለለ የባትሪውን ፕላስ የነካው ሽቦ ፕላሱ ነው። ሁለት ውፈር ካለ ይህ ካልተለየ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ድምፁን ይበሉታል። ቀጥሎ፣ ሳጥኑ ዝግ ከሆነ፣ በመዳፋቸው ቆዳውን ቀስ ብለው ይጫኑና ይለቁታል፤ ተንቀራፎ ከተመለሰ ሳጥኑ አየር አያስወጣም። ካሴቱ ሲገባ ደግሞ ከሾፌሩ ጎን አይቀመጡም። ከኋላ ጀምረው ወንበሮቹን ሁሉ ይዞራሉ። ቤዝ በመኪና ውስጥ ከወንበር ወንበር ይለያያል፤ አንዱ ጋ ሲያጓራ ሌላው ጋ ሊጠፋ ይችላል። «የሚከፍለው ከኋላ ያለው ነው» ይላሉ።

መብራቱ የኤሌትሪሽያኑ ጣጣ ነው። 300 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲጎተት 25 አምፔር ያልፋል፤ ቀጭን ሽቦ የዘረጋ ሰው ሽታውን በቶሎ ይሰማዋል። ማታ ማታ በየምቱ የፊት መብራታቸው የሚርገበገብ ታክሲዎች ነበሩ። 24 ቮልት በሆኑት ቅጥቅጥ አውቶቡሶች ላይ ደግሞ ከሁለቱ ባትሪዎች ካንዱ ብቻ ጠልፎ መሳብ የተለመደ ነበር። ሙዚቃው ይሠራል፤ ባትሪዎቹ ግን እኩል ስለማይሞሉ ዕድሜያቸው ያጥራል።

ተሳፋሪው ሁሉ ደስተኛ ነበር ብል እዋሻለሁ። «ልጄ፣ እባክህ ቀንሰው፤ ልቤን መታኝ» የሚሉ እናት በየጉዞው አይጠፉም። «እሺ እማማ» ይላል ሾፌሩ፤ ይቀንሳል፤ ሲወርዱ ይመልሰዋል። «ወራጅ አለ!» ቢባል አይሰማም፤ ጣራውን መደብደብ ነው። ተማሪው ግን ባዶ ታክሲ እያሳለፈ «ያንን ልጅ» ይጠብቃል። አዲስ ካሴት ለዘመን መለወጫ ሲወጣ ብዙዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ የምንሰማው እዚያ ነበር፤ ከማናውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ የዘፈኑን ቤዝ በወንበሩ ብረት በኩል እየተቀበልን።

ሳጥኑ በራሱ ጊዜ ቀረ። ካሴት ጠፋ፣ ሲዲ መጥቶ ሄደ፣ ፍላሽ ተተካ፣ ከዚያ ስልክ መጣ። ተሳፋሪው የየራሱን ዘፈን በየጆሮው ሰካ። ውፈር የፈለገ ሾፌርም አምፕሊፋየሩ አብሮት የተገጠመ፣ ከወንበር ሥር የሚገባ ጠፍጣፋ ዕቃ ዴኮር ቤት ያገኛል፤ በአንድ ከሰዓት ተገጥሞ ያልቃል። ዕቃው ክፉ አይደለም። አይጮህም፣ ወንበር አይሻማም፣ ቺፑድ አይደለምና አያብጥም። ግን ለየትኛውም መኪና እንዲሆን የተሠራ ስለሆነ ለየትኛውም ዘፈን እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ችክችካውም ሬጌውም በእሱ ላይ አንድ ዓይነት ጠባይ ያወጣሉ። የዚህኛው ሾፌር ነው፣ የዚያኛው ነው ብሎ መለየት የለም።

በእጅ የሚሠሩ ወጣቶች ዛሬም አሉ፤ ሥራቸውም ከያኔው ይጠራል። የቲሌንና የስሞልን ቀመር በነፃ የሚያሰላ ፕሮግራም እጃቸው ላይ ነው፤ ካርቶን መቁረጥ፣ በመገመት ቧንቧ ማስረዘም ቀርቶላቸዋል። ፕሮግራሙ የውፈሩን ቁጥሮች ይጠይቃል፣ የሳጥኑን ስፋት ይጠይቃል። ዘፈኑን አይጠይቅም። ጥያቄው ቀድሞ ከአናጢው አፍ ነበር የሚመጣው፤ ዛሬ ከባለቤቱ መምጣት ይኖርበታል። ሳጥን ሊያሠራ የሚሄድ ሰው ካለ እንግዲህ ዘፈኖቹን ይዞ ይሂድ፤ ባይጠየቅም ሠሪውን አስቀምጦ ያሰማው።