ከሯጮቻችን የምንማረው ተስፋ



እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ የተሰማራን ሰዎች አዲስ የገቡ ቤተሰቦችን በየቤታቸው ስንጎበኝ የምንሰማው ጭንቀት በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ቋንቋው ቶሎ አልገባ ብሏል። የተገኘው ሥራ የጽዳት ወይም የጉልበት ሥራ ነው። ልጆች ከወላጆቻቸው ቀድመው ዕብራይስጥ ስለ ለመዱ በየመሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ ሆነዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናት ወይም ወንድም ጎንደር ላይ ተራ እየጠበቁ ቀርተዋል። ስለ ወረቀትና ስለ ቀጠሮ ስንነጋገር ፊታቸው የተቋጠረ ሰዎች፣ በቴሌቪዥን የሩጫ ውድድር ሲተላለፍ ግን ወንበራቸውን ያስጠጋሉ፤ ድምፃቸውም ከፍ ይላል። ሽማግሌው የአበበ ቢቂላን፣ ጎልማሳው የኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ ልጁ የማሩ ተፈሪን ስም ያነሣል። ይህን ደጋግመን ስላየን፣ ስለ ስፖርት ፍቅርና በችግር ጊዜ ስለሚገኝ ተስፋ፣ በተለይም ክርስቲያን የሆኑ ወገኖቻችን ከሯጮቻችን ሕይወት ስለሚያገኙት ተስፋ ጥቂት ለማለት ወደድን።

በዚህ ጋዜጣ ስለ ክርስቲያኖች ተስፋ መጻፋችን አንዳንድ አንባቢ ያስገርም ይሆናል። ጋዜጣው ከሚገባባቸው ቤቶች አብዛኞቹ የእስራኤልን ሃይማኖት የሚጠብቁ ናቸው። ሆኖም ባል ወይም ሚስት፣ አንዳንድ ጊዜም አያት፣ በክርስትና ያደጉበትና በዚያው የጸኑበት ቤት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እነዚህ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእኔ ጸሎት በዚህ ቤት ቦታ አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። ሃይማኖት ማስተማር የቄሶችና የራቢዎች እንጂ የእኛ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ ሰው በምን እንደሚጸና መጠየቅ ነው። ስንጠይቅም ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ ሁለት ነው፤ አንዱ ጸሎት፣ ሁለተኛው እነዚያ ሯጮች።

ሁለቱ ነገሮች የሚራራቁ ይመስላሉ፤ ግን አይራራቁም። ሐዋርያው ጳውሎስ የምእመንን ሕይወት በሜዳ ከሚሮጥ ሰው ጋር ማመሳሰሉ በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 40 እግዚአብሔርን በተስፋ የሚጠብቁትን በማይታክቱ ሯጮች መስሏቸዋል። ኢሳይያስ ደግሞ በምኩራብም በቤተ ክርስቲያንም ይነበባል።

እስቲ ከአበበ ቢቂላ እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አበበ በ1960 በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። በ1964 ደግሞ ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሳለ፣ በቶኪዮ ዳግመኛ አሸንፎ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ለልጆቻችን የምንተርከው እስከዚህ ያለውን ነው። በችግር ላለ ሰው ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይመስለናል።

በ1969 አበበ በመኪና አደጋ ተጎዳ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ስቶክ ማንደቪል በተባለው ሆስፒታል ለብዙ ወራት ተኛ። እጆቹ ቀስ በቀስ ቢድኑለትም እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልቆሙም። ዓለም በእግሩ ያወቀው ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ወደ አገሩ ተመለሰ። እርሱ ግን በ1970 በእንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወረወረ፤ በ1971 በኖርዌይ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ አሸነፈ። ስለ አደጋው ሲጠየቅም፣ ድሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ነበረ አደጋውም እንዲሁ መሆኑን፣ አንዱን እንደ ተቀበለ ሌላውንም እንደሚቀበል ተናግሯል። በ1973 በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

አገልግሎታችንን ከሚሹ ወገኖች መካከል በሥራ ላይ ሳሉ ወድቀው ጀርባቸው የተጎዳ አሉ። በአገራቸው መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ፣ እዚህ ግን እንደ ምንም የተቆጠሩ የሚመስላቸውም አሉ። እንዲህ ላለው ሰው «አይዞህ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ማለት ብዙ አይጠቅምም፤ ሁሉም እንደማይስተካከል ያውቃልና። አበበ ግን እግሩ ባይመለስም ውድድሩን አልተወም። መቀበል ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት እንዳልሆነ ከእርሱ እንማራለን።

ሁለተኛው ምሩፅ ይፍጠር ነው። ምሩፅ በ1972 በሙኒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ፤ ለ5,000 ሜትር ግን በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ በልዩ ልዩ መንገድ ይተረካል። ሌላ አራት ዓመት ጠብቆ 1976 ሲደርስ ደግሞ፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀሩ፤ ኢትዮጵያም ቀረች። ምሩፅ ራሱ ባላጠፋው ነገር እንደገና አራት ዓመት ጠበቀ። በ1980 በሞስኮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ። በመጨረሻው ዙር ላይ ድንገት ሲፈተለክ ያየው ሕዝብ «ማርሽ ቀያሪው» ያለው ለዚህ ነው። በስተ እርጅናው እርሱም እንደ እኛ ስደተኛ ሆኖ በካናዳ ኖረ፤ በ2016 በዚያው ዐርፎ አስከሬኑ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

የምሩፅን ታሪክ ስንናገር ከሁሉ አብልጠው የሚያዳምጡን ዘመዶቻቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። መጠበቅ ሥራ መፍታት ይመስላል እንጂ፣ ምሩፅ በእነዚያ ዓመታት ልምምዱን ቢያቆም ኖሮ ሞስኮ ሲደርስ የሚቀየር ማርሽ ባልኖረው ነበር።

ሦስተኛዋ መሠረት ደፋር ናት። በ2004 በአቴንስ በ5,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። በ2008 በቤጂንግ መስመሩን ሦስተኛ ሆና አለፈች። በነሐሴ ወር 2012 በለንደን ኬንያዊቷን ቪቪያን ቼሪዮትንና የአገሯን ልጅ ጥሩነሽ ዲባባን ቀድማ ዳግመኛ አሸነፈች። መስመሩን እንዳለፈች ከማልያዋ ውስጥ የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ያለ ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ብዙዎቻችን ያን ዕለት አብረናት አልቅሰናል።

በኋላ ስናስበው ልብ ያልነው አንድ ነገር አለ። ሥዕሉ ከድሉ በኋላ የመጣ አይደለም። አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ሙሉ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ገና ሳይታወቅ፣ ከማልያዋ ውስጥ ነበረ። ተስፋና ምኞት የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለናል። ምኞት ውጤቱን አይቶ ይደሰታል ወይም ይሞታል። ክርስቲያን ወገኖቻችን ተስፋ የሚሉት ግን ውጤቱ ሳይታወቅ አብሮ የሚሮጠውን ነው። ብትሸነፍም ሥዕሉ እዚያው ይገኝ ነበር።

እዚህ በኢየሩሳሌም እንዲህ ያለውን ጽናት ማየት ለሚፈልግ ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና መታጠፍ ይበቃዋል። ግንቡ ከግራና ከቀኝ በከበበው በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለ። ሥራው በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ፤ የጀመሩት ንጉሥ ፍጻሜውን አላዩም። በዚያው ጎዳና ላይ የዕብራይስጥን ቋንቋ የዕለት መነጋገሪያ እንዲሆን የደከመው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ኖሯል። ኡልፓን ገብተው ፊደሉ አልያዝ ያላቸው ሁሉ ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ የምንማረው ቋንቋ ራሱ በአንድ ጀንበር አልተነሣም። በብሉይ ከተማም በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ በዴር ሡልጣን፣ መነኮሳቶቻችን በጠባብ ጎጆዎች ውስጥ ለብዙ ዘመን ክርክሩንም ችግሩንም ችለው ኖረዋል። የእነርሱም ሩጫ ማራቶን ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ተራ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል አንድ ነገር እናንሣ። ሚስት በክርስትና ያደገች፣ ባል የእስራኤልን ሃይማኖት የሚጠብቅ ነው። በር ላይ መዙዛ አለ፤ በእርሷ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ትንሽ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል። በወሩ 16 ቀን ሥራ ካልያዛት ወደ ደብረ ገነት ትሄዳለች፤ ባሏም እስከ ጎዳናው አፍ ድረስ ይሸኛታል። በነሐሴ 27 ቀን 2023 እሑድ ጠዋት ለጉብኝት ስንደርስ የቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ልጆቹና አባታቸው ለእስራኤል ለሚሮጠው ለማሩ ተፈሪ ይጮኻሉ፤ እናት ለኢትዮጵያዊው ለልዑል ገብረ ሥላሴ። ዩጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት አንደኛ፣ ማሩ ሁለተኛ፣ ልዑል በጥቂት ሰኮንዶች ልዩነት ሦስተኛ ሆኑ። እልልታው ከፎቅ እስከ ምድር ቤት ተሰማ።

ቡናው ሲወርድ እናት ተነሥታ ከመሳቢያ ውስጥ አንድ የታሸገ ፖስታ አወጣች። በጎንደር ስላሉት እናቷ ጉዳይ የመጣ ደብዳቤ ነው። እንቢታ ይሆናል ብላ ፈርታ ሦስት ሳምንት ሳትከፍተው አስቀምጣዋለች። «ሳይሮጡ ውጤት የለም፤ በሉ አንብቡልኝ» አለችን። ደብዳቤው እንቢታ አልነበረም፤ እሽታም አልነበረም። ተጨማሪ ሰነድ እንዲቀርብ የሚጠይቅ ነበር፤ የቀረው ጊዜ ዐሥር ቀን ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ሰነዱን አሟልተን በጊዜው አስገባን። እናቷ ገና አልመጡም። ጉዳዩ ግን አልተዘጋም፤ እርሷም ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ሲመጣ በዕለቱ ትከፍታለች።

ማሩና ጓደኞቹ ለቤተ እስራኤል ልጆች ምን እንደሆኑ ሳንናገር ብናልፍ ትክክል አይሆንም። ማሩ በኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የመጣ ነው። በ2022 በሙኒክ በአውሮፓ ሻምፒዮና እርሱ በማራቶን ሁለተኛ፣ በኢትዮጵያ የተወለደው ጋሻው አያሌ ሦስተኛ ሆነው፣ የእስራኤል ቡድን በማራቶን ወርቅ አገኘ። የቤተ እስራኤል ወላጆች ወደ ኢየሩሳሌም የተጓዙበት ተስፋና ክርስቲያኗ ሚስት በቦርሳዋ የያዘችው ተስፋ በአጸላለይ ይለያያሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ግን መጣላት የለባቸውም። ባል ሚስቱን እስከ ጎዳናው አፍ ከሸኛት፣ ሚስትም ሰንበቱን ካከበረችለት ልጆቹ ሁለት ጊዜ ይባረካሉ።

በመጨረሻም ጥቂት ምክር እንጨምር። ልጆቻችሁን በየሠፈሩ ባለው ማትናስ ወደ ስፖርት ላኳቸው፤ ክፍያው ከከበደ ቅናሽ መጠየቅ ነውር አይደለም። እናንተም ከሥራ በኋላ ጋን ሳኬርን በእግር ዙሩ። ከ2011 ጀምሮ በኢየሩሳሌም ማራቶን ይካሄዳል፤ አጫጭር ርቀቶችም ስላሉት ከልጆቻችሁ ጋር መሳተፍ ትችላላችሁ። ዳገቱ ብዙ ነው፤ ለጎንደር ሰው ግን ዳገት አዲስ አይደለም። ያልተከፈተ ደብዳቤ ያላችሁ ዛሬውኑ ክፈቱት፤ ካልገባችሁም ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ መኖር የሰለቸው ሰው በቤታችሁ ካለ ግን ጸሎቱም ስፖርቱም ሳይቀር ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ኩፓት ሆሊም ውሰዱት። ሐኪም ዘንድ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም፤ አበበም ታክሟል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶቻችን። የሚጠብቅ ሁሉ የሚጠብቀውን እስኪያገኝ ጉልበቱን ያጽናለት። ሰላም ሁኑ።